ተነስቶ ለመሄድ የሚመች ወንበር፦ ካፌን በቤት ደላላ ዓይን ስገመግመው

ስለ ካፌ የሚጻፍ አስተያየት ብዙውን ጊዜ ስለ ቡናው ጣዕም፣ ስለ አስተናጋጁ ፈገግታና ፎቶ ስለሚያምርበት ግድግዳ ነው። እኔ የምገመግመው ሌላ አገልግሎት ነው። የቤት ደላላ ነኝ። ከአዲስ ደንበኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀመጠው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ካፌ ውስጥ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼም እንደዚሁ። አንድ ሰው በሕይወቱ ከሚገዛው ሁሉ ትልቁን ነገር ለመግዛት አስቦ፣ ከማያውቀው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ስንት ገንዘብ እንዳለው፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያስጨንቀው የሚናገረው በሁለት ሲኒ መሃል ነው። ያ ጠረጴዛ ለዚህ ጉዳይ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በደንብ ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ካፌ ለመጀመሪያ ትውውቅ ከአምስት አምስት ይገባዋል። ቤቱ ከታየ በኋላ ለሚደረግ ምክክርም፣ ካፌው ከቤቱ አጠገብ እስከሆነ ድረስ፣ አምስት እሰጠዋለሁ። ለዋጋ ድርድር ሦስት። ለፊርማ ግን ከአንድ በላይ አልሰጠውም። ነጥቡ ይህን ያህል የሚራራቀው ካፌ ለደንበኛ የሚሰጠው ዋና ነገር አንድ ስለሆነ ነው፦ ነገሩ ያልጣመው ሰው ማንንም ሳያስቀይም ተነስቶ መሄድ ይችላል። ይህ ነፃነት በሚያስፈልግበት ሰዓት ካፌን የሚያህል ቦታ አላውቅም። በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ ወረቀት ዘርግቶ መመርመር በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ ካፌ የለመድነውን ያህል አይረዳንም።

ንግድና ቡና የተገናኙት ዛሬ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ17ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ በአንድ ፔኒ ቡና የገዛ ሰው ከቡናው ጋር ወሬ፣ ጋዜጣና ወንበር ያገኝ ነበር። የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት በ1680ዎቹ ተከፍቶ የመርከብ ባለቤቶችና ለመርከብ ዋስትና የሚገቡ ነጋዴዎች መገናኛ ሆነ፤ ዛሬ ሎይድስ የሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ የበቀለው ከዚያ ነው። በጆናታን ቡና ቤት ደግሞ ጆን ካስታይንግ የተባለ ደላላ በ1698 የዋጋ ዝርዝር እያተመ ማውጣት ጀመረ፤ የለንደን የአክሲዮን ገበያ ታሪኩን ከዚያ ይቆጥራል። ጋራዌይስ በሚባለው ቤት ሻማ አብርቶ ጨረታ ማካሄድ የተለመደ ነበር፤ ሻማው ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ያሸንፋል። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በ1675 መጨረሻ ላይ ቡና ቤቶችን ሁሉ የሚዘጋ አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ ተቃውሞው ስለበረታ አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በቀናት ውስጥ ተሻረ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚስበኝ ሎይድ ነው። ወንበሩንና የመርከቦቹን ወሬ አቀረበ፤ ውሉን የተዋዋሉት እርስ በርስ ደንበኞቹ ናቸው። ጥሩ ካፌ ዛሬም ለሥራችን የሚጠቅመው በጉዳዩ ውስጥ እጁ ስለሌለበት ነው።

ቢሮዬን ከዚህ ጋር ላነጻጽረው። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ማተሚያም አለው። ሆኖም አዲስ ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ ትከሻው ሲጠብቅ አያለሁ። ግድግዳው ላይ የተሸጡ ቤቶች ፎቶ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው የእኔ፣ እስክሪብቶው የእኔ፣ ጥሩው ወንበርም የእኔ ነው። ሰውየው ገና ምንም ሳልለው መልስ የሚጠበቅበት ይመስለዋል። መኪናዬ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ እኔ ካላቆምኩ አይወርድም። እሱ ቤት ከሄድኩ ደግሞ እንግዳ ሆኜ ስለምገባ «በቃኝ፣ ሂጂልኝ» ለማለት ይቸገራል። ካፌ ውስጥ ግን ሁለታችንም እንግዶች ነን። ሲኒው ባዶ ሲሆን ስብሰባው ያለ ቅሬታ ሊያበቃ ይችላል። «ልሂድ መሰለኝ እህቴ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ማውጣት አለብኝ» ይላል፤ እኔም «እሺ፣ በሰላም ይግቡ» እለዋለሁ። ልጅ ይኑረው አይኑረው አልጠይቅም።

መሄድ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይናገራል። ይህን በየጊዜው ያየሁት ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የመኪና ቁልፋቸውን ከእጃቸው ሳያወርዱ፣ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ አካባቢ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ስፋት በአጭር በአጭሩ ይመልሱልኝ ነበር። እኔም አልተጫንኳቸውም፤ ስለ አንድም የተለየ ቤት ሳላነሳ ቆየሁ። ቡናቸው ሲጋመስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያ ቤት ሰፍቶብኛል፤ መሸጡን ግን ለልጆቼ ገና አልነገርኳቸውም» አሉኝ። የሚያስፈልጋቸው ገዢ ሳይሆን ጊዜ ነበር። ቢሮ ውስጥ ብንሆን ኖሮ የሽያጭ ቅጽ ሞልተን የምንለያይ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ ጋር ስቀመጥ ዓይኔ ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ ከእጅ ካልወረደ ቤት አላቀርብም።

ይህ ነፃነት ለደላላዋም ነው። በሙያችን ያለች ሴት ሁሉ የሱዚ ላምፕሉን ታሪክ ብታውቀው እወዳለሁ። የ25 ዓመት የለንደን የቤት ሽያጭ ወኪል ነበረች። ጁላይ 28 ቀን 1986 በቀጠሮ መዝገቧ ላይ «ሚስተር ኪፐር» ብላ ለጻፈችው ሰው ፉላም ውስጥ ቤት ልታሳይ ከቢሮ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በ1993 በሕግ እንደሞተች ተቆጠረ፤ አስከሬኗ ግን አልተገኘም። ወላጆቿ በዚያው ዓመት፣ በ1986፣ በስሟ ያቋቋሙት ድርጅት እስከ ዛሬ ሰዎች በሥራና በመንገድ ላይ ራሳቸውን እንዲጠብቁ ያስተምራል። የእኔ ደንብ ግልጽ ነው፦ ካፌ ውስጥ፣ በሰው መሃል አግኝቼ ያልተነጋገርኩትን ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን አላገኘውም። ከማን ጋር እንደተቀመጥኩና መቼ እንደምነሳ አንድ ባልደረባዬ ያውቃል። «ካፌው ምን ያደርግልናል፣ ቀጥታ ቤቱን አሳይኝ» ብሎ የሚያጥብቅ ሰው ካጋጠመኝ ወይ ሰው ይዤ እሄዳለሁ ወይ አልሄድም። ጨዋ ደንበኛ በዚህ ተቀይሞ አያውቅም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ሴቶች ደንበኞቼ ራሳቸው ካፌን የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ጠረጴዛው ልምጣ፤ ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ካፌዎች የሚወዷት ያቺ ትንሽ ክብ ጠረጴዛ ሁለት ሲኒ፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃና ሁለት ስልክ ካረፈባት በኋላ ለወረቀት የሚተርፍ ቦታ የላትም። የቤት ፕላን በኤ3 ወረቀት ሲታተም 42 በ29.7 ሴንቲሜትር ነው። አርክቴክቱ የሠራበት ኤ1 ከሆነ 84.1 በ59.4 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ጭን ላይ ታጥፎ በሚታይ ፕላን ደንበኛው አንድ መኝታ ቤት ብቻ ያያል፤ ወጥ ቤቱ ከመታጠቢያው ጋር ግድግዳ መጋራቱን፣ የሳሎኑ መስኮት ወደየት እንደሚዞር አይታየውም። ስለዚህ ባለ አራት ማዕዘን፣ አራት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ያለው ካፌ እኔ ዘንድ አስቀድሞ አንድ ነጥብ ያገኛል። የማይነቃነቅ እግር ካለው ደግሞ ሌላ ግማሽ።

ጥልቅ ሶፋ ነጥብ ያስቀንሳል። ምቾቱን አልክድም። ግን ሶፋ ውስጥ የሰመጠ ሰው ለመነሳት ክንዱን ተደግፎ ወደፊት መሳብ፣ አንዳንዴም የሰው እጅ መፈለግ አለበት። ያ ትንሽ ችግር «ልሂድ» የሚለውን ቃል ያዘገየዋል፤ ያልፈለገውን ማብራሪያ ተጨማሪ ሩብ ሰዓት ያዳምጣል። ይህን አውቀው ሶፋ የሚመርጡ ደላሎች አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። ረጃጅም የባንኮኒ ወንበሮች ደግሞ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር አይሆኑም፤ ቤት ፈላጊዎች መካከል ሁለቱም ብዙ ናቸው። በሩን የሚያየውንና ጀርባው ወደ ግድግዳ የሆነውን ወንበር ሁልጊዜ ለደንበኛው እተዋለሁ። ማን እንደገባ እያየ ይናገራል፤ ከጀርባው ማን እንደሚሰማው አይጨነቅም።

ባልና ሚስት ሲመጡ አራት ማዕዘኑ ጠረጴዛ ይበልጥ ዋጋው ይታያል። አንዱ በአንዱ ጎን፣ ሌላው በሌላው ጎን ሲቀመጥ የተናጋሪውም የሰሚውም ፊት ይታያል። አንድ ጊዜ ባልየው ስለ ክፍል ብዛት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚኖረው ዋጋ አምርሮ ሲያወራ ሚስትየው ሲኒዋን በጣቷ ስታዞር ቆየች። ስልክ ተደወለለትና ወደ ውጭ ወጣ። ያኔ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ እሱ ግን የሚያየው ሁሉ ፎቅ ነው» አለችኝ። ሲመለስ ያየናቸውን ዝርዝሮች ወደ ጎን አድርጌ «ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው? ደረጃ የሚከብደው አለ?» ብዬ ለሁለቱም ጠየቅኳቸው። መልሱን እሱ ራሱ ሰጠ፤ እሷ እንደነገረችኝ አላወቀም፣ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። ካፌ እንዲህ ያለ ክፍተት ይፈጥራል፦ አንዱ ስኳር ሊያመጣ ይነሳል፣ አንዱ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል፣ የቀረው ሰው ሆዱን ይከፍታል። ቢሮ ውስጥ ማንም አይነሳም።

አሁን ደግሞ ለካፌ የማልራራበት ነገር፦ ድምፅ። መደበኛ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ቡና መፍጫው፣ የወተት እንፋሎቱ፣ ስፒከሩና የሳህኑ ግጭት ሲደመሩ የብዙ ካፌዎች ድምፅ ከዚያ ያልፋል። ያኔ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ፈረንሳዊው የጆሮ ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 ገልጾት ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በእኛ ሥራ ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ የሚነገረው ነገር የገንዘብ መጠን ነው። ደንበኛዬ «እስከዚህ ድረስ መክፈል እችላለሁ» ብሎ ጣሪያውን ሲናገር የጎረቤት ጠረጴዛ ከሰማ፣ የሰማው ሰው የሻጩ ዘመድ ወይም የሻጩ ደላላ ሊሆን ይችላል። በአንድ አካባቢ የሚሠሩ ደላሎች የሚያዘወትሩት ካፌም አንድ ነው። ስለዚህ ቁጥር በአፍ አይነገርም፦ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወደ ደንበኛው እገፋለሁ፣ ይጽፈዋል፣ አነበዋለሁ፣ ገጹን እገለብጠዋለሁ። የሻጭ ስምም፣ የቤት ቁጥርም እንደዚሁ።

ራቪ መሕታና ባልደረቦቹ በ2012 ያወጡት ጥናት 70 ዴሲቤል አካባቢ ያለ መጠነኛ ጫጫታ ሰው አዲስ ሐሳብ እንዲያፈልቅ እንደሚያግዝ፣ 85 ሲደርስ ግን እንደሚጎዳ አሳይቷል። ይህን አምናለሁ። «ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ብንጨምርስ? ሳሎኑን ለሁለት ብንከፍለውስ?» የሚሉ ሐሳቦች የሚመጡት ካፌ ውስጥ ነው። የውል አንቀጽ ማንበብ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ አዲስ ሐሳብ አይፈልግም፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥ ማየት ነው የሚፈልገው። ለዋጋ ድርድር ሦስት የሰጠሁትም በዚሁ ነው፦ የካፌው ሰላማዊነት ሁለቱን ወገን ያለዝባል፣ ጆሮው ግን ብዙ ነው። ከመፍጫው፣ ከስፒከሩና ከመጸዳጃው በር ርቆ የሚገኝ ጠረጴዛ ለማግኘት ቀድሜ እደርሳለሁ። አንድ አስተናጋጅ ስገባ ሲያየኝ ሳልጠይቀው ሙዚቃውን ዝቅ ያደርግልኛል፤ እሱ የሚሠራበት ካፌ ቡናው ከሌሎቹ ባይበልጥም ለእኔ ቀዳሚው ነው።

ሂሳብ ማን ይክፈል የሚለው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ዴኒስ ሪጋን በ1971 ባካሄደው ሙከራ አንድ ሰው ሳይጠየቅ ኮካ ኮላ ገዝቶ ሲሰጣቸው፣ ተሳታፊዎቹ በኋላ ያው ሰው ያቀረበላቸውን የሎተሪ ትኬት ካልተሰጣቸው ሰዎች በእጥፍ ገደማ ገዝተዋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይህን ካደረገ፣ አንድ ቡናና አንድ ቁራሽ ኬክ ጋብዞ ስለ ቤት ማውራት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ደንበኛው የማይመልሰው ውለታ ተሸክሞ እንዲቀመጥብኝ አልፈልግም። ስለዚህ እየገቡ ባንኮኒው ላይ ከፍሎ ሲኒ ይዞ መቀመጥ የሚቻልባቸውን ካፌዎች እመርጣለሁ፤ ቀድሞ የደረሰ የራሱን ይከፍላል፣ መጨረሻ ላይ የሂሳብ ግብግብ የለም፣ መነሳትም ቀላል ነው። ሂሳብ እስኪመጣ መጠበቅ በራሱ ሰውን ያስራል፤ አስተናጋጅ ፍለጋ አንገት እያዞሩ ስብሰባው በማያስፈልግ ወሬ ይራዘማል። ደንበኛው ልጋብዝሽ ካለ እሺ እላለሁ። በዚያ ነገር ላይ መከራከር ሰውን ያሳፍራል።

ቡናው ራሱስ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ስጋት እንደሌለው ገልጿል፤ አንድ ኤስፕሬሶ 80 ሚሊግራም ገደማ፣ አንድ ኩባያ የተጣራ ቡና 90 ገደማ ይይዛል። ቀጠሮ በላዩ ላይ የሚደራረብበት ደላላ በየጠረጴዛው ቡና ካዘዘ ከዚህ ልክ መድረሱ አይቀርም፤ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የጠጣው ደግሞ ማታ ደሙ ውስጥ ነው። ጠዋት ከሚመጣ ደንበኛ ጋር ቡና፣ ከዚያ በኋላ ግን ውኃ ወይም የዝንጅብል ሻይ አዛለሁ። በ2022 ይፋ የሆነው የዲፓያን ቢስዋስና ባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ በፈረንሳይና በስፔን ሱቆች ከመግባታቸው በፊት ካፌይን ያለው ቡና የተሰጣቸው ሸማቾች ካፌይን የሌለው መጠጥ ወይም ውኃ ከተሰጣቸው የበለጠ ገንዘብ እንዳወጡ አግኝቷል። ጥናቱ ስለ ቤት አይደለም። እኔ ግን ለደንበኞቼ የምለው አንድ ነው፦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የወደዱትን ቤት ነገ ጠዋት ተነስተውም ከወደዱት ያን ጊዜ ይደውሉልኝ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ቀብድ ይያዝ» እያለ በሲኒ ላይ የሚያጣድፍ ደላላ የጋራዌይስን ሻማ ነው የሚያበራው። ሌላ ገዢ በእውነት ካለም እንዳለ እናገራለሁ፤ ሰውየው ግን ቤቱ ሄዶ ያስባል።

ለካፌው ባለቤትም ፍትሕ ያስፈልጋል። በአንድ ሲኒ ግማሽ ቀን አራት ወንበር የሚይዝ፣ ሁለት ስልክ እያፈራረቀ የሚጮህ፣ ፋይሉን በየወንበሩ የሚዘረጋ የሙያ ጓደኛዬን ሳይ አዝናለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ትልቁን ጠረጴዛ አልይዝም። ሰዓት ሲያልፍ ድጋሚ አዛለሁ፣ ጉርሻ እተዋለሁ፣ ረዥም ስልክ ከመጣ ወደ ውጭ እወጣለሁ። በምላሹ የማገኘው ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነው። ስገባ አስተናጋጇ በስሜ ጠርታ ሰላም ስትለኝ ደንበኛው ይህን ያስተውላል፤ ይህችን ደላላ ነገ ብፈልጋት እዚህ አገኛታለሁ ብሎ ያስባል። በማይታወቅ ደላላ በተጭበረበሩ ሰዎች ታሪክ የተሞላ ሙያ ውስጥ ይህች ሰላምታ ከቢዝነስ ካርዴ ትበልጣለች።

ስለ ካፌ ዓይነቶች ባጭሩ። በየከተማው አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ትልልቅ ሰንሰለት ካፌዎች ለማግኘት ቀላል፣ ለመናገር ጫጫታ ናቸው፤ ሦስት። የሆቴል ሎቢ ጸጥታው ያረካል፣ ጠረጴዛውም ሰፊ ነው፤ ግን ገንዘቡ የሚበቃው ስለመሆኑ የሚጨነቅ ጀማሪ ገዢ እዚያ ይሸማቀቃል፤ ሦስት ተኩል። የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው ካፌ ልጆች ይዞ ለሚመጣ ጥሩ ነው፤ ሌላ የማመሰግነው ነገር የለውም። የሰፈር ትንሽ ካፌ አምስት ነው፤ በተለይ ሰፈሩ ራሱ ቤቱ የሚሸጥበት ሰፈር ሲሆን።

ይህን ላስረዳ፤ ከሁሉ የምወደው አጠቃቀም ይህ ነውና። ቤት አሳይቼ ስጨርስ ደንበኛዬን መኪና ውስጥ አላስገባም። አቅራቢያው ወዳለው ካፌ አብረን በእግር እንሄዳለን። በዚያ መንገድ ላይ ማስታወቂያው የማይናገረው ሁሉ ይታያል፦ የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ እንደሆነ፣ ዳገቱ እቃ ለያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የመንገድ መብራት መኖሩ፣ ዝናብ ሲጥል ውኃው ወዴት እንደሚወርድ የሚያሳየው የጭቃ ምልክት፣ ውሾቹ፣ የጎረቤት ጋራዥ ድምፅ። ካፌው ውስጥ ስንቀመጥ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊታችን ነው። ተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፤ ወይም አንዳቸውም የሉም። ደንበኛው ከአስተናጋጁ ጋር ሲጫወት «ውኃ ይጠፋል?» «ማታ እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ?» «ስትወጡ በእግር ነው የምትሄዱት?» ብሎ ይጠይቃል። አስተናጋጁ ከሽያጩ የሚያገኘው ኮሚሽን የለም፤ ስለዚህ መልሱ ይታመናል። አንዲት ደንበኛዬ ለቤቱ ቀብድ ለመያዝ ቆርጣ ሳለ፣ አስተናጋጇ «ከመሸ በኋላ እኔ ብቻዬን በዚህ በኩል አልሄድም፣ ወንድሜ መጥቶ ይወስደኛል» አለቻት። ደንበኛዬ የምሽት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ያን ቤት አልገዛችም፤ እኔም በዚያ ቀን ምንም አላገኘሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን እህቷንም የሥራ ባልደረባዋንም የላከችልኝ እሷ ናት። ቤቱን ቀን ያየ ደንበኛ ማታ ተመልሶ እዚያው ካፌ ብቻውን እንዲቀመጥ እመክራለሁ። እኔ ባልኖርበት ይሻላል።

የቀረው ወረቀትና ፊርማ ነው። የካፌ ዋይፋይ ካርታና የቤት ፎቶ ለማየት ይበቃል። የባንክ ሂሳብ ለመክፈት፣ መታወቂያ ለመላክ፣ የብድር ማመልከቻ ለመሙላት ግን የራሴን የስልክ ዳታ እጠቀማለሁ፤ ደንበኛዬም እንደዚያ እንዲያደርግ እጠይቀዋለሁ። ከዋይፋዩ ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ ዓይን ነው፦ ጀርባችን መተላለፊያ ከሆነ የስክሪኑ ላይ ቁጥር ለአላፊው ሁሉ የተከፈተ ነው። መታወቂያና የባለቤትነት ሰነድ ሲኒ አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ የፈሰሰ ቡና ዋና ሰነድ ሲያበላሽ አይቻለሁ። በቤት ግብይት ውስጥ አጭበርባሪዎች የወኪሉን ወይም የጠበቃውን ኢሜይል ሰብረው ገብተው «የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብለው ይልካሉ፤ ገዢው ያጠራቀመውን ሁሉ ለማያውቀው ሰው ያስተላልፋል። እንዲህ ያለ መልእክት ካፌ ተቀምጦ ሲደርስ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ መልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከዚህ በፊት በሚያውቁት ስልክ ደውሎ፣ ድምፅ ለይቶ ማረጋገጥ። ገንዘብ ከካፌ ጠረጴዛ ላይ አይተላለፍም።

ዛሬ የመጀመሪያው ስብሰባ ራሱ ፊርማ ይዞ እየመጣ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የብሔራዊ ሪልተሮች (የቤት ደላሎች) ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ ከከሰሱት ሰዎች ጋር በደረሰው ስምምነት መሠረት፣ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በማኅበሩ የቤት ዝርዝር ሥርዓቶች የሚጠቀም ወኪል ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ማድረግ አለበት፤ ክፍያው ስንት እንደሆነ ወይም እንዴት እንደሚሰላ በግልጽ ይጻፋል። ደንቡን በሐሳቡ እደግፈዋለሁ፤ ኮሚሽን በጨለማ መቅረት የለበትም። ሆኖም ወረቀቱ ቡናና ሙዚቃ መሃል ከቦርሳ ወጥቶ «እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» ከተባለ፣ ካፌው ለደንበኛው የሰጠው ትልቁ ነገር ተወሰደ ማለት ነው። የውል ጊዜው ስንት ወር እንደሆነ፣ ሳይስማሙ ቢቀሩ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ደንበኛው በራሱ ያገኘው ቤት ላይም ኮሚሽን ይጠየቅ እንደሆነ፣ እነዚህ ሦስቱ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚነበቡ ናቸው፤ ካፌ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ከፍ አይደረግም።

ለሽያጭ ውል፣ ለቀብድ፣ ለውክልና በር ያለው ክፍል ይፈለግ፦ የጠበቃ ቢሮ፣ የውል አዋዋይ ቢሮ፣ የባንክ ክፍል፣ ካልሆነም የእኔው ቢሮ፤ ደንበኛው ከፈለገ አንድ የሚያምነውን ሰው ይዞ። ካፌ ውስጥ የማደርገው ረቂቁን ሁለት ቅጂ አትሜ አንዱን በፖስታ አድርጌ መስጠት ነው። «ቤትዎ ወስደው ያንብቡት፣ ያልገባዎትን ያስምሩበት፣ ከሰው ጋር ይማከሩ» እላለሁ። ከዚያ ሰላም ብዬ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ፤ ፖስታውን ይዞ ትንሽ መቀመጥ የሚፈልግ ብዙ ሰው አለና።